«አሲዳማ ድንጋይ» ፌሮ ይበላል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ልሠራ የአፈር ምርመራ አስደረግሁ። ሪፖርቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በታች ያለው ‹አሲዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ኢግኒምብራይት› ነው ይላል። ግንበኛው ይህን ሲሰማ አሲዱ ፌሮውን ይበላዋል፣ ከመሠረቱ ሥር ኖራ ካልተነጠፈ ሥራ አልጀምርም አለ። እንጅባራ ያለው ወንድሜ ደግሞ እርሻው አሲዳማ ነው ተብሎ ኖራ ይጨምራል፤ እሱም ኖራውን እንዳትረሳ ይለኛል። ከዚያው አካባቢ የሚፈጨውን ጠጠር ለኮንክሪት ላውለው ወይስ ልተወው? በዚህ ድንጋይ ላይ መሥራቱስ ያሰጋል?»

ኖራውን አያንጥፉ። ገንዘብዎ ነው የሚባክነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው «አሲዳማ» እና ወንድምዎ እርሻ ላይ ያለው «አሲዳማ» ስማቸው ብቻ ነው የሚገናኘው። ጠጠሩን በተመለከተ ግን መጠንቀቅዎ ልክ ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ምክንያት ግን ግንበኛው ካለው በጣም የራቀ ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት።

የከርሰ ምድር ባለሙያ ከቅልጥ አለት የተፈጠረን ድንጋይ «አሲዳማ» ሲል የሚናገረው ስለ ሲሊካ መጠን ነው። ሲሊካ ማለት ሲሊከንና ኦክስጅን የተጣመሩበት ነገር ነው፤ ንጹህ ሆኖ ሲገኝ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ብዙው የወንዝ አሸዋም ከእሱ ነው። ከድንጋዩ ክብደት ከ63 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ከሆነ ድንጋዩ አሲዳማ ይባላል። ከ52 እስከ 63 ከሆነ መካከለኛ። ከ45 እስከ 52 ከሆነ ቤዚክ። ከ45 በታች ከሆነ አልትራቤዚክ። ቆየት ያሉ መጻሕፍት የአሲዳማውን ወሰን ከ63 ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ልዩነቱ ለእርስዎ ጉዳይ ምንም አይለውጥም። ሥራችን በየቀኑ ከሚያገኛቸው ድንጋዮች ራዮላይት፣ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ)፣ ባልጩትና አብዛኛው የስምጥ ሸለቆ ኢግኒምብራይት ከአሲዳማው ወገን ናቸው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ቤዚክ ነው።

ታዲያ ለምን አሲዳማ ተባለ? ጥፋቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ነው። እነሱ በድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊካ በሙሉ ከሲሊሲክ አሲድ የመጣ፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ደግሞ ያንን አሲድ የሚያረግቡ ቤዞች ይመስሏቸው ነበር። ስለዚህ ሲሊካው የበዛውን አሲዳማ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት የበዛበትን ቤዚክ አሉት። በኋላ ማዕድናት በእርግጥ እንዴት እንደተገነቡ ሲታወቅ ሐሳቡ ወደቀ። ስሙ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬም በየሪፖርቱ ይጻፋል፤ ለማን እንደሚጻፍ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ኢግኒምብራይት ፈጭተው ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢጨምሩት ውሃው ኮምጣጤ አይሆንም። በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ፌልድስፓር የሚባሉት ማዕድናት ሶዲየምና ፖታሲየም ስለሚለቁ የውሃው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካላይ ነው) ከ7 ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ብረት የሚበላ አሲድ በውስጡ የለም።

የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነገር ልጨምርልዎ። የስምጥ ሸለቋችን ብዙ ራዮላይቶች በሪፖርት ላይ «ፐርአልካላይን» ተብለው ሲጻፉ ያያሉ። አንድ ድንጋይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሲዳማም አልካላይንም ሊባል ነው ማለት ነው! ስህተት አይደለም። አሲዳማ የሚለው ሲሊካው ብዙ ነው ለማለት ነው። ፐርአልካላይን የሚለው ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ተደምረው ከአሉሚኒየሙ በልጠዋል ለማለት ነው። ሁለቱም የድንጋዩ ቅመም ዝርዝር ናቸው። ሁለቱም ስለ ፒኤች አንዳች አይናገሩም።

አሁን ወደ ወንድምዎ እርሻ። እንጅባራና በአጠቃላይ የአዊ አካባቢ የተቀመጠው በባዛልት ላይ ነው። ባዛልት ደግሞ ቤዚክ ድንጋይ ነው። እና አፈሩ አሲዳማ ሆነ። ስሙ እንደሚመስለው ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የአፈር አሲድነት የሚመጣው በዋናነት ከዝናብ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የሚወርድ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን እያጠበ ይወስዳል። የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ምርቱ ከነገለባው ከማሳ ሲነሳ፣ ዩሪያና ዳፕ በየዓመቱ ሲጨመር ሁኔታው ይባባሳል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የእህሉን ሥር ይመርዛል። ኖራ የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ መጠኑም በሄክታር በቶን የሚቆጠር ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ዝናብ በሚበዛባቸው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ከፍታዎች ነው። ወንድምዎ የሚያደርገው ትክክል ነው፣ ይቀጥልበት።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሻላ ሐይቅን ያውቁታል። የተኛው ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ያ እሳተ ገሞራ የተፋው ደግሞ በሲሊካ የበለጸገ፣ በእኛ ቋንቋ «አሲዳማ» ኢግኒምብራይትና ፑሚስ ነው። የሻላ ውሃ ፒኤች ግን ወደ 10 ይጠጋል። ጎረቤቱ አብያታም እንደዚያው ነው፤ ከአብያታ ሶዳ አሽ የሚባለው የሶዲየም ጨው ይመረት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡ ትንሽ፣ ትነቱ ብዙ በሆነበት ቦታ ሶዲየሙ የሚያጥበው አያገኝም፤ እዚያው ይከማቻል።

ሌላም አለ። በምድር ላይ ከሚታወቁት እጅግ አሲዳማ ውሃዎች አንዱ ዳሎል ነው፤ እዚያ ከዜሮ በታች የሆነ ፒኤች ተለክቷል። ዳሎል ያለበት የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ግን የጨው ሜዳና የባዛልት አገር ነው፤ ጎረቤቱ ኤርታ አሌም የሚተፋው ባዛልት ነው። ያንን አሲድ የፈጠረው ከታች ከቅልጥ አለቱ የሚወጣው ጋዝና ፍል ውሃ ነው። እንግዲህ አሲዳማ የሚባል ድንጋይ ባለበት አልካላይ ውሃ፣ ቤዚክ የሚባል ድንጋይ ባለበት አሲድ ውሃ አገኘን ማለት ነው። ከድንጋዩ ስም ተነስቶ ስለ ኮምጣጣነት መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቃሉ ከጥቅም ውጪ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሲሊካ የአንድን እሳተ ገሞራ ጠባይ ይወስናል። ሲሊካው ትንሽ የሆነ ቅልጥ አለት ቀጭን ነው፤ ጋዙ በቀላሉ ያመልጣል፣ እሱም እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ሲሊካው የበዛው ግን እንደ ገንፎ ይወፍራል። ገንፎ ሲንተከተክ አረፋው እየተፈናጠረ እጅ የሚያቃጥለው እንፋሎቱ ስለታፈነ አይደል? አሲዳማ ቅልጥ አለትም ጋዙን አፍኖ ይዞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የኤርታ አሌ የላቫ ሐይቅ ጠርዝ ድረስ ቱሪስት የሚሄደው፣ የሻላው ዓይነት ፍንዳታ ግን አገር የሚያለብስ አመድ የሚተፋው በዚህ ልዩነት ነው። ሰሜኑንና መካከለኛውን ከፍታ የሠራው ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በእርጋታ እየፈሰሰ የተደራረበ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የስምጥ ሸለቆው ወለል ደግሞ በፍንዳታ ውጤት የተሞላ ነው። አዳማ ያለችው ከዚህኛው ላይ ነው።

ኢግኒምብራይትም የዚህ ፍንዳታ ልጅ ነው። ከእሳተ ገሞራው የወጣ የጋለ አመድ፣ ፑሚስና ጋዝ ተደባልቆ መሬት ለመሬት በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ ቆይቶ የተኛበት ድንጋይ ነው። ስሙን የሰጠው የኒውዚላንዱ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ፓትሪክ ማርሻል ነው፤ በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለመሠረትዎ የሚያስፈልገው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አመዱ ሲያርፍ ምን ያህል ሙቀት ነበረው? በጣም የጋለ ከነበረ የመስታወት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተበየዱና ጠንካራ ድንጋይ ሆኑ። ቀዝቀዝ ብሎ ካረፈ ግን ሳይበየድ ቀርቷል፤ በጣት የሚፈረፈር፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል ነገር ነው። ሁለቱም በሪፖርት ላይ ኢግኒምብራይት ይባላሉ። ሁለቱም አሲዳማ ናቸው። መሠረት ሲሸከሙ ግን አይገናኙም።

ስለዚህ ሪፖርቱን ይዘው ወደ ሠሩልዎ ባለሙያዎች ይመለሱና «የተበየደ ነው ወይስ ያልተበየደ?» ብለው ይጠይቁ። የተበየደ ከሆነና ስንጥቁ ካልበዛ ለባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ያልተበየደ ከሆነ፣ ወይም ከላዩ ልል አመድና ፑሚስ ካለበት፣ ደረቅ ሆኖ ሲታይ ጥሩ መስሎ ውሃ ሲገባው የሚሰምጥ ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቤት የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የጣሪያ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዲፈስስ ይተውታል፣ ሴፕቲክ ታንኩ ይፈስሳል፣ አፈሩ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ዋናው ጠላት ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር ጭቃ ይሆን ነበር። ያንን ጭቃ ለማረጋጋት ኖራ ይቀላቀላል፤ መንገድ ሥራ ላይ የተለመደ ነው። ግንበኛዎ ኖራን ከመሠረት ጋር ያያያዘው ምናልባት ከዚያ ሰምቶ ይሆናል። ድንጋይ ላይ የሚነጠፍ ኖራ ግን የሚያደርገው ነገር የለም።

ፌሮው ከምን ይጠበቅ ታዲያ? ጤነኛ ኮንክሪት ራሱ በጣም አልካላይ ነው፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ፒኤች ከ12 በላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ብረቱ ላይ ስስ የመከላከያ ሽፋን ይፈጠራል፣ አይዝግም። ሽፋኑን የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክሎራይድ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ወይም ጨዋማ አሸዋ ይዞት ይመጣል። ሁለተኛው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ኮንክሪቱ ገብቶ ፒኤቹን ያወርዳል። በሁለቱም ላይ መከላከያው ያልቀጠነ፣ በደንብ የተነዘረ ኮንክሪትና በቂ የፌሮ ከቨር፣ ማለትም ፌሮውን የሚሸፍነው የኮንክሪት ውፍረት ነው። መሠረቱ ቀጥታ አፈር ላይ የሚሞላ ከሆነ ከቨሩ ከ75 ሚሊ ሜትር አይነስ። ሊን ኮንክሪት (ከመሠረቱ ሥር ቀድሞ የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) ከተነጠፈበት 40 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ እኔ 50 አድርጉት እላለሁ። ለኖራው ያሰቡትን ብር ለዚህ ያውሉት።

ሪፖርቱ ውስጥ በእርግጥ ስለ ብረትና ኮንክሪት የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች መኖር አለባቸው፦ የአፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ፒኤች፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት። ከሌሉ ይጠይቁ፤ ውድ ምርመራዎች አይደሉም። በአፈሩ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ሰልፌት ከ0.1 በመቶ በታች ከሆነ ተራ ሲሚንቶ ይበቃል። ከ0.2 በመቶ በላይ ከሆነ የሲሚንቶ ዓይነት መምረጥ ግዴታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለኝ፦ ቦታው ፍል ውሃ ወይም እንፋሎት የሚወጣበት አካባቢ ከሆነ፣ ድንጋዩም ነጭና ቢጫ ሆኖ የበሰበሰ ከመሰለ፣ ያ ድንጋይ በፍል ውሃ የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን ካለበት አየርና ውሃ ሲያገኘው እውነተኛ የሰልፈር አሲድ ያመነጫል። ያኔ የግንበኛው ፍርሃት ልክ ይሆናል። ግን ባዛልትም ቢሆን እንዲህ ሊለወጥ ይችላል፤ የሲሊካ መጠን ጉዳይ አይደለም።

ወደ ጠጠሩ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። አሲዳማ ድንጋይ ኮንክሪት ውስጥ የሚፈራው ሲሊካው መስታወት ሆኖ የቀረ እንደሆነ ነው። ቅልጥ አለት ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ሲሊካው ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉ በአብዛኛው የተረጋጋ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣላም። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን መስታወት ይሆናል። ባልጩት፣ ፑሚስና የኢግኒምብራይት አመድ እንዲህ ናቸው። መስታወታዊ ሲሊካ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው ሶዲየምና ፖታሲየም ጋር ይዋሃድና ጄል ይፈጥራል። ጄሉ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህን መጀመሪያ ያስረዳው ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቶማስ ስታንተን ነው፣ በ1940 እንደ ፈረንጆቹ። መጥፎነቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ቤቱ ተመርቆ፣ ተኖሮበት፣ ከዓመታት በኋላ ነው ኮንክሪቱ ላይ ካርታ የመሰለ ስንጥቅ የሚወጣው። ያኔ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ እንዲደርስ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፦ ንቁ ሲሊካ ያለው ጠጠር ወይም አሸዋ፣ አልካሊ (ሶዲየምና ፖታሲየም) የበዛበት ሲሚንቶ፣ እና እርጥበት። አንዱ ከጎደለ አይደርስም። ለዚህ ነው የቤት ውስጥ ደረቅ ወለል ብዙም የማያሳስበው፣ መሠረት፣ የውሃ ታንከርና ድልድይ ግን የሚያሳስበው። እርስዎ የሚጠይቁኝ ስለ መሠረት ነው፤ ስለዚህ ይመለከትዎታል።

የሚገርመው ደግሞ ያው መስታወት ደቅቆ ዱቄት ሲሆን መድኃኒት ይሆናል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ፑሚስ ፈጭተው ይጨምሩና ፒፒሲ ብለው ይሸጡልናል። ዱቄቱ ገና ኮንክሪቱ እርጥብ እያለና ሲጠነክር አልካሊውን ቀድሞ ይጠጣዋል፣ ለጠጠሩ የሚተርፍ ያሳጣዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ኦፒሲ (ፑሚስ ያልገባበት ተራው ሲሚንቶ) ነው ጠንካራው፣ ፒፒሲ ለልስን ነው» የሚለው ለመሠረት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ፒፒሲ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው፤ ውሃ በማጠጣት በኩል ግን አይታለፍለትም፤ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ከተቻለም ሁለት ሳምንት። ይህን ካደረጉለት ለእርጥብ መሠረት እኔ ከኦፒሲ እመርጠዋለሁ። የዓምዱንና የወለሉን ምርጫ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ይተዉለት።

ጠጠር ሲገዙ ቀለም አይመኑ። «ጥቁር ከሆነ ባዛልት ነው» የሚባለው በአብዛኛው ይሠራል፤ ግን ባልጩትም ጥቁር ነው፣ ሲሊካው ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጠቆር ያሉ፣ አረንጓዴ የሚመስሉ ራዮላይቶችም አሉ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ መሞከርም አያዋጣም። የሚፈላው በሃ ድንጋይ ነው፤ ባዛልትም ራዮላይትም ዝም ነው የሚሉት። አስተማማኙ መንገድ ድንጋዩን ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ የከርሰ ምድር ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ ይሠራዋል። መስታወት ከታየበት የሞርታር ምርመራ ይከተላል። ከጠጠሩ የተሠራ ትንሽ የሞርታር ዘንግ በ80 ዲግሪ ሙቀት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ 14 ቀን ይቆያል። ርዝመቱ ከ0.1 በመቶ በታች ከጨመረ ጠጠሩ ደህና ነው። ከ0.2 በላይ ከጨመረ አደገኛ ነው። በመካከል ከሆነ ዓመት የሚፈጅ ሌላ ምርመራ አለ፤ ለአንድ መኖሪያ ቤት ግን ያንን ከመጠበቅ ጠጠሩን መቀየር ይረክሳል።

ስለ አስፋልትም አንድ ነገር፤ ጥያቄዎ ባይሆንም ግቢዎን ሊያስነጥፉ ይሆናል። እዚያ ላይ «አሲዳማ ጠጠር» የሚለው ቃል በቀጥታ ይጠቅማል። ሲሊካ የበዛበት ጠጠር ከሬንጅ ይልቅ ውሃ ይወዳል። ዝናብ ሲመታው ሬንጁ ይላቀቅና አስፋልቱ ይፈረፈራል። ባዛልት በአብዛኛው ይሻላል። ሌላ አማራጭ ካጣ መሐንዲሱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተቃጥሎ ውሃ የጠጣ ኖራ ዱቄት ይቀላቅልበታል። እነሆ ኖራ ለአሲዳማ ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ፤ ግን እዚህም ቢሆን የሚሠራው ሬንጁ እንዲጣበቅ እንጂ አሲድ እንዲበርድ አይደለም።

ጉድጓድ ለማስቆፈር ካሰቡ ደግሞ ውሃው ይኮመጥጣል ብለው አይስጉ። የሚያሰጋው ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ መስታወታዊ ድንጋዮች ፍሎራይድ ይለቃሉ፤ ውሃው ደግሞ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱን የሚይዝለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ጥርሳቸው የበለዘባቸውን የወንጂ ልጆች ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም። ሳያስመረምሩ ለልጅ አያጠጡ። ማፍላት ፍሎራይድ አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያጎላዋል።

ሪፖርት ለምትጽፉ የሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል። ለቤት ባለቤት በሚሰጥ ወረቀት ላይ «አሲዳማ» የሚለውን ተዉት። «ሲሊካው የበዛ» ብትሉ ማንም ይገባዋል። ፌልሲክና ማፊክ የሚሉትም አሉ፤ እነሱ ግን ስለ ማዕድኑ ዓይነት የሚናገሩ ስለሆኑ ሁልጊዜ ከሲሊካው መጠን ጋር አንድ አይሆኑም፤ ለተራ አንባቢም አይጠቅሙም። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ስንት ኩንታል ኖራ ያለ ሥራው እንደሚቀበር አስቡት።

ለእርስዎ የምመክረው እንዲህ ነው። በዚያ ቦታ ይሥሩ። የድንጋዩን መበየድ፣ የፒኤች፣ የክሎራይድና የሰልፌት ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ያልተበየደ ከሆነ ጥልቀቱንና የመሠረቱን ዓይነት መሐንዲሱ እንደገና ያስላ። ለመሠረቱ የባዛልት ጠጠርና ፒፒሲ ይጠቀሙ፤ የአካባቢውን ፍጭ ኢግኒምብራይት ግን ካልተመረመረ በኮንክሪት ውስጥ አያስገቡ፤ ለግቢ ሙሌት ይሁንልዎ። ፑሚስ የገባበት ብሎኬት ለግድግዳ ምንም አይልም፤ ከመሬት በታች ግን አይደርድሩት፣ ውሃ ይጠጣል። የጣሪያውን ውሃ በቦይ ይሰብስቡና ከመሠረቱ አርቀው ያፍስሱ። ግንበኛው አሁንም ያለ ኖራ አልሠራም ካለ ደግሞ ሌላ ግንበኛ ይፈልጉ።